ለአረጋውያን «ምን ላብላቸው?» ከማለት በፊት፦ የምግብ እጥረትን በቤት ውስጥ የመለየትና የማስተካከል መመሪያ

«እናቴ እየከሱ ነው፣ ምን ላብላቸው?» «አባቴ ምግብ አልበላ ብሏቸዋል፣ የትኛው ቫይታሚን ይሻላል?» እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ደጋግመው ስለሚመጡ መልሱን አንድ ቦታ ሰብስበነዋል። አጭሩ መልስ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን» ሳይሆን «ለምን» ነው የሚል ነው። ገንዘብ ያጠራቸው፣ ገበያ መውጣት ያቃታቸው፣ ምድጃ ፊት መቆም የተሳናቸው፣ ጥርሳቸው ወይም ጉሮሯቸው እምቢ ያላቸው አረጋውያን ሚዛን ላይ ሲወጡ ሁሉም ከስተው ይገኛሉ። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ማብሰል ላቃታቸው ሰው እህል በጆንያ መግዛት ምንም አይለውጥም።

መመሪያው ወላጅን፣ ዘመድን ወይም ጎረቤትን ለሚንከባከብ ሰው የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ደረጃዎች ለመለየት፣ የቀሩት ለማስተካከልና ለመከታተል ናቸው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የሰው ሚዛን (ርካሽ ቢሆንም ግድ የለም፣ ዋናው ሁልጊዜ ያው አንዱ መሆኑ ነው)
- የልብስ ሰፊ ሜትር
- ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ወይም ስልክ
- መደገፊያ ያለው፣ የእጅ ማሳረፊያ የሌለው ጠንካራ ወንበር
- 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ፣ የሾርባ ማንኪያ (15 ሚሊ ሊትር) እና የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር)
- ደብተርና እስክሪብቶ
- የእጅ ባትሪ
- የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከነማሸጊያቸው

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

1. ለ5 ቀንና ከዚያ በላይ ምንም ያህል ያልበሉ ከሆነ፣ ወይም በጣም ከስተው ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ አታጥግቧቸው። የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ፣ በተለይ ስታርችና ስኳር፣ ሲያገኝ ኢንሱሊን ይጨምራል። ኢንሱሊኑ በደም ውስጥ ያሉትን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የተባሉ ማዕድናት ወደ ሴሎች ስለሚያስገባ በደሙ ውስጥ የሚቀረው መጠናቸው ያሽቆለቁላል፤ የልብ ምት ይዛባል፣ ትንፋሽ ይቸግራል። ይህ ይገድላል። ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። እስከዚያው ከሚያስፈልጋቸው (ስሌቱ ደረጃ 5 ላይ ነው) ከግማሽ በላይ አትስጡ።

2. የኩላሊት በሽታ ካለባቸው ፕሮቲን ከመጨመራችሁ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ። የልብ ድካም ካለባቸው ደግሞ የፈሳሹን መጠን።

3. ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ምግብ መዝለል አደገኛ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ካያችሁና ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ካልተሻላቸው ድገሙ፣ ሲሻላቸው ምግብ አብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አትስጡ፤ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና።

4. ግራ መጋባቱ ድንገተኛ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ፈሳሽ እንኳ መዋጥ ካቃታቸው ይህን መመሪያ አስቀምጡትና ሐኪም ቤት ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ለኩ

ዓይን ያታልላል። በየቀኑ የምታዩት ሰው ሲከሳ አይታወቃችሁም፤ ወፍራም ሰው ደግሞ ጡንቻው አልቆ እንኳ ወፍራም ይመስላል።

*ክብደት።* ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ ያለ ጫማ፣ በቀላል ልብስ፣ ሚዛኑን ጠንካራ ወለል ላይ አድርጋችሁ መዝኑ። ምንጣፍ ላይ ያለ ሚዛን ትክክለኛውን አይናገርም። የቀድሞ ክብደታቸውን ከሕክምና ካርዳቸው ፈልጉና እንዲህ አስሉ፦ የቀድሞው ሲቀነስ የአሁኑ፣ ለቀድሞው ተካፍሎ፣ በ100 ተባዝቶ። 58 ኪሎ የነበሩ ሰው 54 ከሆኑ 4 ÷ 58 × 100 = 6.9 በመቶ ቀንሰዋል ማለት ነው። ሳያስቡት በ6 ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ ምርመራ ይፈልጋል። ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ በዚሁ ሳምንት ሐኪም ይያቸው። የቀድሞ ክብደት ካልተገኘ የቀበቶውን ቀዳዳ፣ የቀለበቱን መላላት፣ የቀሚሱን ስፋት ተመልከቱ።

እግር ካበጠ ሚዛኑ ይዋሻል። የቅልጥማቸውን የፊት ለፊት አጥንት በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ ከቆየ ውኃ ይዟል። እንዲህ ከሆነ የሚታየው ክብደት መክሳታቸውን ደብቆት ሊሆን ይችላል።

*የባት ዙሪያ።* ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው በ90 ዲግሪ ታጥፎ፣ ጫማቸውን አውልቀው ሙሉ እግራቸው መሬት ሲረግጥ፣ ባታቸውን በወፍራሙ ቦታ ላይ ሳታጠብቁ ለኩ። ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የጡንቻ መመናመን ምልክት ነው። ያበጠ እግር ላይ ይህም አይሠራም። ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያሰላውን መለኪያ (ቢኤምአይ) እዚህ ያልተጠቀምንበት ለምክንያት ነው፤ አከርካሪ ሲጎብጥ ቁመት ስለሚያጥር የከሳ ሰው ያልከሳ ሆኖ ይወጣል።

*ከወንበር መነሳት።* ወንበሩን ግድግዳ አስደግፉት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው 5 ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ፤ እናንተ አጠገባቸው ቆማችሁ ሰዓት ያዙ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ የእግራቸው ጉልበት ደክሟል። ያለ እጅ ድጋፍ መነሳት ካልቻሉ «አልቻሉም» ብላችሁ ጻፉ፣ አታስገድዱ። ይህን የምንለካው ሰው ኑሮውን ራሱ የሚያስተዳድረው በእግሩ ስለሆነ ነው፤ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ መታጠብ፣ ደጅ ወጥቶ ሰው ማግኘት ሁሉ ከወንበር በመነሳት ይጀምራል።

ደረጃ 2፦ ጠይቁ

«በቂ ምግብ ያገኛሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ተመስገን» ነው፣ ምንም አይነግራችሁም። ልጆችና የልጅ ልጆች ባሉበትም አትጠይቁ፤ ሸክም ላለመባል ሲሉ ይደብቃሉ። ብቻቸውን ሲሆኑ፣ በጨዋታ መሐል፣ ባለፉት 30 ቀናት የሆነውን ጠይቁ፦

1. ምግብ ሊያልቅብኝ ነው ብለው የሰጉበት ቀን ነበር?
2. እህሉ እንዲያዳርስ ብለው ከወትሮው ያሳነሱበትስ?
3. ቁርስ፣ ምሳ ወይም እራት የዘለሉበትስ?
4. እየራብዎት ሳይበሉ ያደሩበትስ?
5. ቤት ውስጥ እህል እያለ ማብሰል ወይም መክፈት አቅቶዎት የተውበት ቀን ነበር?
6. መድኃኒት ለመግዛት ብለው ከምግብ፣ ወይም ለምግብ ብለው ከመድኃኒት ያጎደሉበትስ?
7. ሲያኝኩ ወይም ሲውጡ ያምዎታል? ትን ይልዎታል?
8. ድርሻዎን ለሌላ ሰው የሰጡበት ቀን ነበር?

የመጀመሪያዎቹ አራቱ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ለቤተሰብ ጥናት ከሚጠቀምባቸው 8 ጥያቄዎች ጋር በሐሳብ ይቀራረባሉ። እነዚያ ጥያቄዎች «በገንዘብ ወይም በሌላ አቅም ማጣት ምክንያት» ስለሚሉ፣ ጓዳው ሞልቶ ጣታቸው ክዳን መክፈት ያቃተው እናት «የለም» ብለው ያልፋሉ። ከ5 እስከ 8 ያሉት የተጨመሩት ለዚህ ነው። አንድም «አዎ» ካገኛችሁ ቀጥሉ። ሁሉም «የለም» ሆኖ ክብደት እየቀነሰ ከሆነ ደግሞ በሽታ መኖሩን አስቡና ከደረጃ 3 ጎን ለጎን ቀጠሮ ያዙ።

ደረጃ 3፦ የ3 ቀን መዝገብ ያዙ

ሁለት ተራ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ምረጡ። ሰዓቱን፣ ምግቡን፣ መጠኑን በኩባያና በማንኪያ ጻፉ። የምትጽፉት የቀረበውን ሳይሆን የተበላውን ነው፤ ሳህኑ ሲመለስ የተረፈውን ቀንሱ። መጠጡንም ቁጠሩ።

ከእራት እስከ ቁርስ ያለውንም ሰዓት አስሉ። 12 ሰዓት ካለፈ ረጅም ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ምግብ ያጣ ሰውነት ጡንቻውን ያፈርሳል።

በዚያው ሳምንት ጓዳውን በዓይናችሁ አዳርሱት። ያልተከፈተ ዕቃ፣ ሻጋታ፣ ቀኑ ያለፈበት ማሸጊያ፣ ያረረ ድስት፣ ባለፈው ወር ያመጣችሁት ሳይነካ መቀመጡ፣ እያንዳንዱ ለቀጣዩ ደረጃ ፍንጭ ነው።

ደረጃ 4፦ ምክንያቱን ለዩ

አራት ናቸው፤ ሁለት ሦስቱ ተደራርበው ሊገኙም ይችላሉ።

*ማጣት።* በወሩ መጀመሪያ ደህና በልተው ወደ መጨረሻው የሚያሳንሱ ከሆነ ይኸው ነው። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀረው እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ነው፤ ቀጥሎ ጥራጥሬው፤ የሳህኑ መጠን የሚያንሰው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ሳህኑ ሙሉ ሆኖ ነጭ እህል ብቻ ከያዘ እጥረቱ ከጀመረ ቆይቷል። የሚደረገው፦ በደረጃ 5 ስሌት የወሩን ፍጆታ ወስኑ፣ ገንዘብ ሲገባ መጀመሪያ እሱን ግዙ። ጡረታም ሆነ የአረጋውያን ድጋፍ ካለ መታወቂያውን፣ የዕድሜ ማስረጃውንና የባንክ ደብተሩን አሟልታችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ወረፋውና ፎርሙ ስለሚከብዳቸው ነው። ለጥያቄ 6 «አዎ» ካሉ ፋርማሲስቱን ርካሽ አቻ መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

*ገበያ መድረስ አለመቻል።* ገንዘቡ አለ፣ ጉልበቱ የለም። ከባዱንና ደረቁን (እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዘይት) በወር አንድ ጊዜ፣ ቶሎ የሚበላሸውን (እንቁላል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ) በሳምንት ሁለት ጊዜ አድርሱላቸው። ስታደርሱ በትንንሽ ዕቃ ገልብጡት፦ እህሉን በ1 ኪሎ፣ ዘይቱን በግማሽ ሊትር ጠርሙስ። ክዳኑን የደከመ እጅ ሲከፍተው አይታችሁ ተዉት። መደርደሪያው ከወገብ በላይ ከትከሻ በታች ይሁን፤ በርጩማ ላይ ወጥቶ ዕቃ ማውረድ የዳሌ ስብራት ያመጣል።

*ማብሰል አለመቻል።* ጥሬው አይነካም፣ የሚበላው ዳቦና ሻይ ብቻ ነው። መገጣጠሚያ የሚያማቸው፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ መርሳት የጀመራቸው፣ ሚስታቸው እስኪሞቱ ድረስ አብስለው የማያውቁ አባቶች እዚህ ይገባሉ። ጥራጥሬውን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ በብዛት ቀቅሉና በአንድ ምግብ ልክ ከፋፍሉት፤ ለእሳቸው የሚቀረው ማሞቅ ብቻ ይሁን። ሁለት እጀታ ያለው ቀላል ድስትና ምድጃው አጠገብ የሚቀመጡበት ወንበር ብዙ ይረዳል። ድስት የሚያሳርሩ ከሆነ ብቻቸውን ሲሆኑ ጋዙን ዝጉት፤ ምግባቸው ሳይሞቅ የሚበላ ይሁን።

*መብላት አለመቻል።* አፋቸውን በባትሪ እዩ፦ ነጭ ንጣፍ፣ ቁስል፣ የላላ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ነጩ ንጣፍ የፈንገስ ሕመም ሊሆን ስለሚችልና በመድኃኒት ስለሚድን አሳዩት። የሆድ ድርቀት ፍላጎትን ይዘጋል፤ ሰዎች ግን አፍረው አይናገሩትም፣ ስለዚህ እናንተ ጠይቁ። ቀጥሎ መድኃኒቶቹን ይዛችሁ ወደ ፋርማሲስት፦ ሜትፎርሚን፣ ዲጎክሲን፣ አንዳንድ አንቲባዮቲክና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ምግብ ያስጠላሉ፤ ሌሎች አፍ ያደርቃሉ። በራሳችሁ ፈቃድ ግን አንዱንም አታቋርጡ። ቀድሞ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላቸው፣ እንቅልፍ ካጡና ሰው ማየት ካልፈለጉ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ድባቴ ይታከማል፤ «እርጅና ነው» ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም።

ደረጃ 5፦ የሚያስፈልገውን አስሉ

ለአብዛኞቹ አረጋውያን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 30 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ፕሮቲን ቢያንስ 1 ግራም ያስፈልጋል። ከታመሙ ወይም ከከሱ ፕሮቲኑ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ይደርሳል። 50 ኪሎ ለሆኑ ሰው 1500 ኪሎ ካሎሪና ቢያንስ 50 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። ከወጣት ያነሰ ምግብ ቢበሉም የፕሮቲኑ ፍላጎት አይቀንስም፤ ያረጀ ጡንቻ ፕሮቲንን እንደ ወጣት ጡንቻ ስለማይጠቀምበት እንዲያውም ይጨምራል።

ግምታዊ መጠኖች፦

- 100 ግራም ዱቄት ወይም ሩዝ፦ 350 ኪሎ ካሎሪ፣ 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን
- 100 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ፦ 350 ኪሎ ካሎሪ፣ ከ20 እስከ 24 ግራም
- 1 እንቁላል፦ 70 ኪሎ ካሎሪ፣ 6 ግራም
- 1 ኩባያ ቅባቱ ያልወጣ ወተት፦ 150 ኪሎ ካሎሪ፣ 8 ግራም
- 2 የሾርባ ማንኪያ (15 ግራም) የዱቄት ወተት፦ 75 ኪሎ ካሎሪ፣ 4 ግራም
- 1 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፦ 95 ኪሎ ካሎሪ፣ 4 ግራም
- 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፦ 120 ኪሎ ካሎሪ፣ ፕሮቲን የለውም

ለ50 ኪሎ ሰው የሚበቃ የአንድ ቀን ድርሻ፦ 200 ግራም እህል፣ 80 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ፣ 1 እንቁላል፣ 1 ኩባያ ወተት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ አትክልትና ፍራፍሬ ሲጨመርበት 1500 ኪሎ ካሎሪና 50 ግራም ፕሮቲን አካባቢ ይሆናል። ለ30 ቀን ሲባዛ 6 ኪሎ እህል፣ 2.4 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 30 እንቁላል፣ 7.5 ሊትር ወተት፣ 1 ሊትር የማይሞላ ዘይት። ለብክነት 10 በመቶ ጨምሩ። ለሌላ ክብደት በዚሁ ልክ አብዙ ወይም ቀንሱ።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ጥራጥሬውንና ዘይቱን አትንኩ፤ ለከፈላችሁበት ዋጋ ብዙ ፕሮቲንና ኃይል የሚሰጡት እነሱ ናቸው። መጀመሪያ የሚቀነሱት ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩትና «ለአረጋውያን» ተብሎ በውድ የሚሸጥ ዱቄት ናቸው። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ጨርሶ ከቀረ ግን ቫይታሚን ቢ12 ይጎድላል፤ ሜትፎርሚን የሚወስዱ ላይ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ከሆነ ስለ ክኒኑ ጤና ባለሙያ አማክሩ።

ፈሳሽ፦ ለሴቶች በቀን 1.6 ሊትር (6 ኩባያ ተኩል ገደማ)፣ ለወንዶች 2 ሊትር (8 ኩባያ)። ዕድሜ ሲገፋ ጥም ስለሚጠፋ «ሲጠማቸው ይጠጣሉ» አይሠራም። በሽንት ቀለምም አትመኑ፤ በአረጋውያን ላይ አስተማማኝ ምልክት አይደለም። ኩባያ ቁጠሩ።

ደረጃ 6፦ ሳህኑን ሳታተልቁ ምግቡን አበልጽጉ

ዕድሜ ሲገፋ ሰው ቶሎ ይጠግባል። የተቆለለ ሳህን ሲያዩ ደግሞ ገና ሳይቀምሱ ይሰለቻሉ። ስለዚህ የሚጨምረው በማንኪያው ውስጥ ያለው ኃይል እንጂ የማንኪያው ብዛት አይደለም። በውኃ የተሠራ የ40 ግራም ዱቄት (5 ልክክ ያለ የሾርባ ማንኪያ) ገንፎ 140 ኪሎ ካሎሪና 4 ግራም ፕሮቲን አለው። ያው ገንፎ እንደሚከተለው ሲሠራ ወደ 580 ኪሎ ካሎሪና 20 ግራም ፕሮቲን ይደርሳል፦

1. በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት አሟሙ። ሙቅ ላይ ከተጨመረ ይጓጉላል።
2. 40 ግራም ዱቄቱን እዚያው ቀዝቃዛው ላይ በትናችሁ በጥብጡ። አፍ ውስጥ የሚቀር ጓል ትን ያስብላል።
3. በቀላል እሳት፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ፣ ዱቄቱ እስኪበስል ድረስ አብስሉ። ወተት ስር ስለሚይዝ እሳቱ አይብዛ።
4. አውርዱና 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 1 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ጨምራችሁ እስኪዋሐድ አማስሉ።

የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ዘይቱን በግማሽ አድርጉት፤ ቅባት ካገኘች የቆየች ሆድ ድንገት ሲበዛባት ተቅማጥ ታመጣለች። ወተት ካልተገኘ በውኃ ሠርታችሁ 3 የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ጥራጥሬ ዱቄትና 1 የተመታ እንቁላል ጨምሩበት። እንቁላሉ ላይ ትንሽ ትኩስ ገንፎ አፍስሳችሁ ካለማመዳችሁ በኋላ ድስቱ ውስጥ ጨምሩና እሳቱ ላይ መልሳችሁ በደንብ አብስሉት፤ ጥሬ እንቁላል የሚያመጣው የሳልሞኔላ ሕመም በዚህ ዕድሜ ይከብዳል። ሾርባና የጥራጥሬ ወጥም በዚሁ መንገድ ይበለጽጋል።

ምግቡን በ3 ዋናና በ2 ወይም 3 መክሰስ ክፈሉት፤ አንዱ መክሰስ ከመኝታ በፊት ይሁን። ብዙዎች ጠዋት የተሻለ ስለሚበሉ ከባዱን ቁርስ ላይ አድርጉት። ፕሮቲኑም በየምግቡ ይከፋፈል፤ ቀኑን ሙሉ ስታርች በልቶ ማታ ብቻ ፕሮቲን ማግኘት ለጡንቻ ያን ያህል አይጠቅምም። ውኃ ከምግብ በኋላ እንጂ ከፊቱ አይሰጥ። ሻይና ቡና ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ፤ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክላሉ። ጣዕም ከጠፋባቸው ጨው ከማብዛት ቅመም፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ሎሚ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ አበላሉን አስተካክሉ

ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ እግራቸው መሬት ረግጦ፣ አገጫቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይብሉ፤ ከበሉ በኋላም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አይተኙ። ጋደም ብሎ የበላ ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል፤ የሳንባ ምች የሚመጣውም አንዱ በዚህ ነው። አንድ ጉርሻ ተውጦ ሳያልቅ ሌላ አታስከትሉ። ሲበሉ የሚያስሉ፣ ከዋጡ በኋላ ድምፃቸው የሚረጥብ ወይም ምግብ ጉንጫቸው ውስጥ የሚያቆዩ ከሆነ ለባለሙያ አሳዩ፤ እስከዚያው ፍርፋሪ የሚበዛበትንና ፈሳሽና ጓል የተቀላቀለበትን ምግብ ተዉ።

መነጽራቸውና ጥርሳቸው ከምግቡ በፊት ይምጣ። ነጭ ምግብ በነጭ ሳህን ላይ ዓይኑ ለደከመ ሰው አይታይም፣ ሳህኑን ቀይሩት። አብሯቸው ሰው ይብላ፤ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚበላው ይበልጣል። ስልክ እየነካኩ አጠገባቸው መቀመጥ ግን አብሮ መብላት አይደለም።

ስለ ንጽሕና ባጭሩ፦ የበሰለ ምግብ በ2 ሰዓት ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ሲሞቅ እንፋሎት እስኪያወጣ ይሙቅ፣ ያልፈላ የላም ወተት አይሰጥ።

ደረጃ 8፦ ተከታተሉ

በሳምንት አንድ ቀን መዝኑ። ባቱንና የወንበሩን ልክ በወር አንዴ ድገሙ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ እነዚህን ጠይቁና ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ፦ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? የፈለጉት ቦታ ይንቀሳቀሳሉ? ቀኑን በምን ስሜት ያሳልፋሉ? የሚያጫውትዎ ሰው ያገኛሉ? የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮ ጥራትን የሚለካበት አጭሩ መጠይቅ 26 ጥያቄ አለው፤ አካልን፣ ስሜትን፣ ማኅበራዊ ግንኙነትንና አካባቢን ይዳስሳል። ለቤት ክትትል ግን ለውጥን የሚያሳዩ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ኪሎ ጨምሮ ነጥቡ ካልተንቀሳቀሰ ቀሪው ችግር ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ብቸኝነት ወይም ሕመም።

በሳምንት ሩብ ኪሎ መጨመር መልካም ነው። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ግን ምግብ ሳይሆን ውኃ ስለሆነ ሐኪም ይያቸው። መብላቱ ብቻውን ጡንቻ አይሠራም፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ከቻሉም መራመድ አብሮ ይሂድ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- በቀጭን ሾርባና በሻይ ሆድ መሙላት። ሆዱ ይሞላል፣ ኃይል ግን የለውም።
- የከሱ ሰውን «ኮሌስትሮል አለብዎት» ብሎ ቅባት መከልከል። ከዓመታት በፊት የተሰጠ የአመጋገብ ምክር ካለ፣ አሁንም ይሠራ እንደሆነ ሐኪሙን እንደገና ጠይቁ።
- ቫይታሚን ክኒንን እንደ ምግብ መቁጠር። ክኒኑ ኃይልም ፕሮቲንም የለውም።
- መዋጥ የሚችሉ ሰው ላይ ሁሉንም መፍጨት። መልኩን ያጣ ምግብ ፍላጎትን ይገድላል።
- ለእሳቸው ብቻ የሚሆን ማምጣት። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ድርሻቸው ወደ ልጁ ይሄዳል፤ ለልጁም ጨምራችሁ አምጡ።
- አፍ ላይ ማስገደድ። ትን ያስብላል፣ ለሚቀጥለው ምግብም ያስመርራል። 20 ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና አቅርቡ።
- ምክንያቱን ሳይለዩ ገንዘብ ብቻ መስጠት፣ ወይም ገንዘብ ላጣ ሰው ምክር ብቻ መስጠት።

ለ4 ሳምንት እንደ ስሌቱ በልተው ክብደቱ ካልቆመ ወይም አሁንም ከቀነሰ፣ የክብደቱን ዝርዝር፣ የ3 ቀኑን መዝገብና የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። የስኳር፣ የታይሮይድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የካንሰር ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሐኪሙም «ከመቼ ጀምሮ? ምን ያህል?» ሲል ደብተሩ በቀጥታ ይመልስለታል።